ሐኪም ያዘዘውና ምሳ ዕቃ የያዘው፦ የጁባ ሕሙማን አመጋገብ

በደቡብ ሱዳን መዲና ጁባ፣ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ያለው ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ምሳ ዕቃ፣ ፔርሙዝ እና የመጠጥ ውሃ ይይዛል። በአገሪቱ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሕሙማንን የመመገብ ኃላፊነት በአመዛኙ የወደቀው በቤተሰብ ላይ ነውና።

ይህ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎችም እንግዳ አይደለም። አስታማሚ የሚለው ቃል ራሱ መድኃኒት ገዝቶ፣ ምግብ አመላልሶ፣ አልጋ አጠገብ የሚያድረውን ዘመድ ያስታውሳል።

ይሁን እንጂ ከቤት የሚመጣው ምግብ ረሃብን ቢያስታግስም ለሕመሙ ላይስማማ ይችላል። ለአንዳንድ ሕሙማን ምን፣ ምን ያህል እና መቼ እንደሚበሉ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

ምግብ ሕክምናን እንዴት ይወስናል?

የስኳር ሕመም ዋነኛው ምሳሌ ነው። ኢንሱሊን የተወጋ ሰው በጊዜው ካልበላ በደሙ ውስጥ ያለው የስኳር መጠን በድንገት አሽቆልቁሎ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ማለዳ ተሰጥቶ፣ ምግቡ ግን እንደ ጉዴሌ ወይም ጁባ ና ባሪ ካሉ ሰፈሮች ተነስቶ ረፋድ ላይ ቢደርስ መዘግየቱ ብቻውን አደጋ ነው።

የኩላሊት ሕመም ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ሙዝ እና ባቄላ ለጤነኛ ሰው የሚመከሩ ናቸው። ነገር ግን በውስጣቸው ያለውን ፖታሲየም የተዳከመ ኩላሊት ማስወገድ ሲያቅተው የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። በጨው የደረቀ ዓሣም የደም ግፊት እና የልብ ሕሙማንን ይጎዳል።

የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች በአንጻሩ ክብደታቸውን ለመመለስ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ቤተሰብ ለሁሉም ከሚሠራው አሲዳ (የማሽላ ገንፎ) እና ወጥ ቀንሶ ሲያመጣ ግን ለእነዚህ የተለያዩ ሕሙማን የሚደርሰው ተመሳሳይ ምግብ ነው።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አለመሆኑን ጥናቶች ያሳያሉ። በስዊዘርላንድ 8 ሆስፒታሎች 2,088 ሕሙማንን ያካተተና በአውሮፓውያኑ 2019 የታተመ ጥናት ለየታማሚው ተለይቶ የታቀደ አመጋገብን ከተለመደው የሆስፒታል ምግብ ጋር አነጻጽሯል። በ30 ቀናት ውስጥ ሕይወታቸው ያለፈው ከመጀመሪያዎቹ 7 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ ከሁለተኛዎቹ ደግሞ 10 በመቶ ያህሉ ነበሩ።

ምግብ በሚሊ ሊትር የሚለካበት ክፍል

በጁባ ምግብ እንደ መድኃኒት ተለክቶ የሚሰጥበት ቦታ ግን አለ። በአል ሳባህ የሕፃናት ሆስፒታል በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ሕፃናት ተኝተው ይታከማሉ።

በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ሕክምናው የሚጀምረው ኤፍ 75 በተባለ ወተት ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ የሚሰጠው ይህ ወተት ፕሮቲኑና ጨዉ ሆን ተብሎ የተቀነሰ ሲሆን፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል። በረሃብ የተዳከመ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ቢያገኝ ልብ ሊደክም ስለሚችል፣ አንዲት እናት ከርኅራኄ ተነስታ የምታጎርሰው ወፍራም ገንፎ በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ሊጎዳ ይችላል።

ሕፃኑ ሲረጋጋና የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ ኃይል ሰጪነቱ ከፍ ወዳለው ኤፍ 100 ወይም በፓኬት ወደሚሰጠው የኦቾሎኒ ቅቤ ይሸጋገራል። አንዱ ፓኬት 500 ካሎሪ ያህል አለው።

ለአዋቂዎች ለምን አልተቻለም?

የሕፃናቱ ምግብ የሚመጣው በአብዛኛው እንደ ዩኒሴፍ ባሉ ድርጅቶች በኩል ነው። ለአዋቂ ሕሙማን ግን እንዲህ ያለ የተደራጀ አቅርቦት እምብዛም የለም።

የመንግሥት ገቢ እጅግ የተንጠለጠለው በነዳጅ ዘይት ላይ ነው። ዋናው የነዳጅ ማስተላለፊያ መስመር በ2024 መጀመሪያ ጦርነት ላይ ባለችው ሱዳን ውስጥ ጉዳት ሲደርስበት ገቢው አሽቆለቆለ፤ የመንግሥት ሠራተኞችም ለወራት ያለ ደመወዝ ቆዩ። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ቢገቡም፣ ደቡብ ሱዳን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው የምትመድበው።

የቤተሰብም አቅም ውስን ነው። የጁባ ገበያ አብዛኛውን ምግብ የሚያገኘው ከዩጋንዳ በ192 ኪሎ ሜትሩ የኒሙሌ መንገድ ነው። የአገሪቱ ፓውንድ በተዳከመ ቁጥር እንቁላል፣ ወተት እና አትክልት ከብዙዎች አቅም በላይ ይሆናሉ።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ዘላቂው መፍትሔ በጀትና የሥነ ምግብ ባለሙያ ያለው የሆስፒታል ማዕድ ቤት ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ እርምጃዎች አሉ።

የመጀመሪያው ምክሩን ለታማሚው ብቻ ሳይሆን ለሚያበስለው ሰው መስጠት ነው። ማንበብ የማይችሉ አዋቂዎች በሚበዙበት አገር በወረቀት ከሚሰጥ ዝርዝር ይልቅ በጁባ አረብኛ ወይም በባሪ ቋንቋ የምግቦቹን ስም እየጠሩ ማስረዳት ይሻላል። "ጨው ቀንሱ" ከማለት "ወጡ ጨው ሳይገባበት የእርሱን ድርሻ ቀድማችሁ አውጡ" ማለት በቀላሉ ይተገበራል።

ሁለተኛው፣ ነርሷ ኢንሱሊን ከመስጠቷ በፊት ምግቡ መድረሱን ማረጋገጧ ነው።

ሦስተኛው ንጽሕና ነው። ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ ኮሌራ በተስፋፋበት አገር በሙቀት ለሰዓታት የቆየ ምግብ ለደካማ ሰው ተጨማሪ ስጋት በመሆኑ፣ በትኩሱ እንዲበላ ያስፈልጋል።

አስታማሚዎችም ሐኪሙን ሦስት ነገር መጠየቅ ይችላሉ፦ የትኛው ምግብ ተከልክሏል? ከመድኃኒቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚበላው? ጨርሶ መብላት ካቃተውስ ለማን እንንገር?