ስለ ጥንታዊ የወርቅ ገንዘብ ምርመራ፤ መልኩ፥ ጽሕፈቱ፥ ሚዛኑና ባሕርዩ

ስለ ቄሣር ግብር በጠየቁት ጊዜ ጌታችን ገንዘቡን አስመጥቶ መልኩና ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ መጠየቁ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 22 ተጽፏል። መልክን አስቀድሞ ጽሕፈትን ማስከተሉ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ገንዘብን የሚመረምር ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እነዚህን ሁለቱን ነውና። አንድም፥ መልክ ያለ ጽሕፈት፥ ጽሕፈትም ያለ መልክ ምስክርነቱ ጎደሎ ነውና። ሐተታ፤ ያ ዲናር የብር ነበረ፤ የሮም ቄሣሮች የወርቅ ገንዘብ ግን ሌላ ነው።

ይህ ምርመራ ቀላል ነገር አይደለም። ሐሰተኛውን እውነተኛ ነው ብሎ የፈረደ ዳኛ የገዢውን ገንዘብ ያስበላል፤ እውነተኛውን ሐሰተኛ ነው ያለ ደግሞ ንጹሑን ሰው አታላይ ያሰኘዋል፥ የአባቶችንም ቅርስ በአንጥረኛ እሳት ያስቀልጣል። የቀለጠውም ተመልሶ አይገኝም።

በጅማ አገር በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ.) የሂርማታ ገበያ የታወቀ ነበረ። ከሊሙ፥ ከጎማና ከጌራ የሚወጣው ቡና ይሸጥበት የነበረው ዋናው ገንዘብ ማርትሬዛ የሚባለው ጠገራ ብር ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፥ የቀረው መዳብ ነው። ነጋዴዎችም ሲቀበሉት በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ፈርጥ ያሉትን ዕንቁዎች ይቈጥሩ ነበር፤ ዘጠኝ ናቸው። ነገር ግን በጠገራው ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 እ.ኤ.አ. ሁልጊዜ ያው ነው። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ስትሞት ዓመቱ ሳይለወጥ ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ተመትቷል፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ጣልያኖች በሮም ያስመቱት አንዱ ነው። ስለዚህ የተጻፈውን ዓመት ብቻ አይቶ የገንዘቡን ዕድሜ መናገር አይቻልም።

ጠገራው በወርቅ ተለብጦ ወርቅ ነው ቢባል ግን ሚዛን ይገልጠዋል። ንጹሕ ወርቅ በመጠኑ ልክ ከሆነ ውሃ 19.3 እጥፍ ይከብዳል፤ ንጹሕ ብር ግን 10.5 እጥፍ ነው። እንግዲህ በጠገራው ልክ የተሠራ ንጹሕ ወርቅ ከ50 ግራም በላይ ሊመዝን ይገባዋል። 28 ግራም ብቻ ቢመዝን፥ ከላይ ወርቅ ቢመስልም ውስጡ ብር መሆኑ የታወቀ ነው።

የአክሱም ነገሥታት የወርቅ ገንዘብ ምርመራ ግን ከዚህ ይረቅቃል። ወርቁን ማስመታት የተጀመረ በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በንጉሥ እንዱቢስ ነው። በመልኩ በኩል፥ ንጉሡ ብዙ ጊዜ በሁለት የእህል ዛላ መካከል ይታያል። ዒዛና ክርስትናን እስኪቀበል ድረስ ከላይ ያለው ምልክት ክብና ጨረቃ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ መስቀል ሆነ። ስለዚህ የእንዱቢስ ስም ተጽፎበት መስቀል ያለበት ወርቅ ቢቀርብ፥ የሠራው ሰው ታሪክ አለማወቁን ራሱ ይመሰክርበታል። በጽሕፈቱ በኩል፥ የወርቁ ጽሕፈት በጽርእ ቋንቋ ነው። በወርቅ ላይ ግዕዝ ያስጻፈ ወዜባ የተባለው ንጉሥ ብቻ ነው፤ እርሱም ፊደሉን ያለ አናባቢ ጽፎታል። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ፊደሉን ስላነበበው ብቻ ደስ ብሎት ፈጥኖ እንዳይፈርድ ይጠንቀቅ።

በሚዛኑ በኩል፥ የእንዱቢስ ወርቅ 2.7 ግራም ያህል ነበረ፤ ከዒዛና ዘመን ወዲህ 1.6 ግራም ያህል ሆነ። የኋለኞቹ ነገሥታት ወርቅ ደግሞ ጥራቱ ቀንሷል፤ ስለዚህ ቀለሙ ቢደክም በዚህ ብቻ ሐሰተኛ አይባልም። በብርና በመዳብ ገንዘብ ላይም በአንዳንዱ ስፍራ ወርቅ ይለበጥ ነበርና፥ እንዲህ ያለው የነገሥታቱ ሥራ እንጂ የአታላይ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን የወርቅ ገንዘብ ተብሎ አይሸጥም።

በባሕርዩ በኩል፥ መመርመር የሚወድ አስቀድሞ ዳሩንና ፊቱን በማጉያ መስተዋት ይይ። በማኅተም የተመታ ገንዘብ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው፤ በቅርጽ የፈሰሰው ግን ጥቃቅን ቀዳዳ፥ የደበዘዘ ፊደል፥ በዳሩም ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል። በእጅ ብዛት ያለቀ ወርቅ የሚያልቀው ከፍ ባለው በኩል ነው፤ ጕንጭና ዘውድ ይለሰልሳሉ፥ ጐድጓዳው ግን ይቀራል። ከፍታውም ጐድጓዳውም እኩል የደበዘዘ ቢሆን ያጠራጥራል። ሁለት ገንዘብ አንድ ዓይነት ጭረት በአንድ ስፍራ ቢኖራቸው ደግሞ ከአንድ ቅርጽ የወጡ ናቸው።

በውሃ መመዘንም አለ። 19.3 ግራም ንጹሕ ወርቅ በውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲመዘን 1 ግራም ይቀንሳል። የአክሱም ወርቅ ግን ትንሽ ስለሆነ የሚቀንሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ለዚህ የገበያ ሚዛን አይበቃም። በመፈተኛ ድንጋይ መፋቅና በአሲድ መንካት ለአንባርና ለቀለበት የሚሆን ሥራ ነው፤ ጥንታዊውን ገንዘብ ግን ያቈስለዋል። በአመድ፥ በአሸዋ ወይም በሎሚ ማሸትም እንዲሁ ነው። የተበሳ፥ ለጌጥ ቀለበት የተበየደለት ወይም ዳሩ የተቈረጠ ገንዘብ ዋጋው ይቀንሳል እንጂ እውነተኛነቱ አይጠፋም።

ኦሪት በአንድ ምስክር ነገር እንዳይጸና ማዘዟ የታወቀ ነው። በዚህም መልክ፥ ጽሕፈት፥ ሚዛንና ባሕርይ አራት ምስክሮች ናቸው። አራቱ ቢስማሙ ይታመናል፤ አንዱ ቢለይ ፍርዱ ይቈይ፥ ወደ ዐዋቂም ይሂድ። በአዋጅ ቍጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣን የማስታወቅ ግዴታ አለበት፤ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። ስለዚህ በሊሙ ወይም በአጋሮ የቡና ጕድጓድ ሲቈፍር እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ገበሬ ሳያጥበውና ሳይፍቀው በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልለው፤ የተገኘበትን ስፍራና ቀን፥ አብሮት የተገኘውንም ሸክላ ወይም አጥንት በማስታወሻ ይጻፍ፤ ካልቻለም ለሚጽፍ ሰው ይንገር።