አስም ቀጠሮ የሚፈልግ ሕመም ነው

አስም የበረታበት ሰው ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ በሰው ተደግፎ ነው። ሳልቡታሞል ይሰጠዋል፣ ኦክስጅን ካለ ይደረግለታል፣ መርፌም ይወጋል፤ ደረቱ ለቀቅ ሲልለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ ቢሆን ኖሮ ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍር፣ የቀጠሮ ካርድ ይይዝ፣ ቢቀር ደግሞ ፈላጊ ይላክበት ነበር። የአስም ታካሚን ግን እስከሚቀጥለው ጥቃት የሚጠብቀው የለም። ሕመሙ አብሮት የሚኖር ሆኖ ሳለ ሕክምናው የአንድ ሌሊት ብቻ ይሆናል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 አስም የነበረባቸው ሰዎች 262 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ በዚሁ ዓመት 455 ሺህ ያህሉ ሞተዋል፤ አብዛኞቹም ዝቅተኛና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። የሞቱት መድኃኒት ባልተገኘለት በሽታ አይደለም። መድኃኒቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

የአስም ታካሚ የአየር ቧንቧ ላይ ሁለት ነገሮች ይደርሳሉ። በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፤ የውስጡ ሽፋን ደግሞ ተቆጥቶ ያብጣል፣ በአክታም ይሞላል። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ የሚወጣው በዚህ ጠባብ መንገድ ከሚያልፈው አየር ነው። ማስታገሻው ሳልቡታሞል ጡንቻውን በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፣ እፎይታውም ለሰዓታት ይቆያል፤ እብጠቱን ግን አይነካውም። እብጠቱን የሚያበርደው በየቀኑ የሚሳበው የስቴሮይድ ፓፍ፣ ለምሳሌ ቤክሎሜታዞን ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማስታገሻው ወዲያው ስለሚሠራ ታካሚው ያምነዋል፤ መከላከያው ግን ውጤቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ የማይረባ ይመስለዋል። በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት፣ አንድ ታካሚ በዓመት ውስጥ በወሰደው በእያንዳንዱ ተጨማሪ የስቴሮይድ ፓፍ በአስም የመሞት ዕድሉ በ21 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ‘ጂና’ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም ቡድንም እ.ኤ.አ. በ2019 አዋቂዎችና ጎረምሶች በማስታገሻ ብቻ እንዳይታከሙ መክሯል። ስለዚህ ማስታገሻ ብቻ ይዞ መሄድ ግማሽ ሕክምና ነው ማለት እንኳ ነገሩን ያቀለዋል፤ ታካሚው የዳነ እየመሰለው እብጠቱ ከውስጥ ይቀጥላልና።

እጥረቱ የመድኃኒት ብቻ ቢሆን መፍትሔው ግዢ ነበር። ብሪታንያ ግን ሌላ ነገር ታስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው የአገሪቱ የአስም ሞት ምርመራ የ195 ሰዎችን አሟሟት አንድ በአንድ ፈትሿል። እነዚህ ሰዎች የቤተሰብ ሐኪም ነበራቸው፤ መድኃኒቱም በአገሩ ሞልቷል። ሆኖም 43 በመቶ የሚሆኑት ከመሞታቸው በፊት በነበረው አንድ ዓመት በሐኪማቸው ዘንድ የአስም ክትትል እንደተደረገላቸው የሚያሳይ መዝገብ አልተገኘም። ሕመሙ ሲብስ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግር የጽሑፍ ዕቅድ የተሰጠው 23 በመቶው ብቻ ነበር። ማስታገሻ ከታዘዘላቸው መካከል 39 በመቶዎቹ በዓመት ውስጥ ከ12 በላይ ፓፍ ወስደዋል፤ ከ50 በላይ የወሰዱም ነበሩ። ፓፉ በየወሩ እያለቀ ሲታደስ ይህ ቁጥር ራሱ የአደጋ ደወል ነበር፤ በጊዜው የሰማው ግን አልነበረም። ማዘዣ ማደስና ታካሚን ማየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ፊንላንድ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄደች። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 ባካሄደችው ብሔራዊ የአስም ፕሮግራም ሕክምናውን በአብዛኛው በጤና ጣቢያ ላይ ጣለችው። በየጤና ጣቢያው አስምን በኃላፊነት የሚከታተል ሐኪምና ነርስ ተመደበ፤ ፋርማሲዎችም የራሳቸውን ተጠሪ ሰየሙ። ፀረ-እብጠት ሕክምና ገና ከጅምሩ እንዲሰጥ ተደረገ፤ ታካሚውም ራሱን መከታተል ተማረ። በዓመት 110 ሺህ ገደማ የነበረው የሆስፒታል የመኝታ ቀን በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 51 ሺህ ወረደ። ይህ የሆነው የታካሚው ቁጥር እየጨመረ በነበረበት ጊዜ ነው። በዚህ ውስጥ አዲስ የመድኃኒት ግኝት የለበትም። የተለወጠው ነገር በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ‘የአስም ጉዳይ የማን ነው?’ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው መገኘቱ ነው።

‘ፊንላንድ ሀብታም ናት’ የሚለው መቃወሚያ ተገቢ ነው። ይሁንና የኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ የረጅም ጊዜ ሕመምን የመከታተል ልምድ የለውም ማለት ሐቅ አይደለም። የነቀርሳ ሕክምና በመዝገብ፣ በቀጠሮና የጠፋን ታካሚ በመፈለግ የተገነባ ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምናም ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ተሸክመውታል፤ ያኔም ‘ያለ ስፔሻሊስት እንዴት ይሆናል?’ ተብሎ ነበር። በጤና ጣቢያ ደረጃ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተዘጋጀውና መሠረቱ ከኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የመጣው የኢትዮጵያ የክሊኒክ መመሪያም ስለ አስም ይናገራል። እንግዲህ መመሪያውም፣ ልምዱም፣ መዝገብ የመያዝ ባህሉም አለ። የቀረው አስምን በዚያ መዝገብ ውስጥ ማስገባት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው መቃወሚያ የምርመራ ነው። የሚያስለውና የሚያፍነው ሁሉ አስም የለበትም፤ ነቀርሳ፣ የልብ ድካም፣ ለዓመታት በማገዶ ጭስ የተጎዳ ሳንባም ሊሆን ይችላል። በስህተት ‘አስም አለብህ’ መባል ሌላ በሽታን ይሸፍናል። እኔም ይህን ስጋት አቃልዬ አላየውም። ነገር ግን የሳንባ መመርመሪያው ስፓይሮሜትር በሌለበት ቦታም ቢሆን ርካሹ ፒክ ፍሎው ሜትር አለ፤ ታካሚው ነፍቶ ይለካል፣ ሳልቡታሞል ይወስዳል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይለካል። በአዋቂ ላይ ልኬቱ በ20 በመቶ ከጨመረ አስምን የሚደግፍ ጠንካራ ምልክት ነው። አንዴ አይቶ መፍረድ በሚከብድበት ጊዜ ደግሞ ቀጠሮ ራሱ መመርመሪያ ይሆናል፤ የሚመላለስን ሕመም ደጋግሞ ያየ ባለሙያ ይለየዋል።

የዋጋው ጉዳይም በጥሬ ሐቁ ይታይ። መከላከያው ፓፍ ከማስታገሻው ይወደዳል፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያም ከእሱ ያነሰ ይገኛል፤ በዕለት ጉርስ የሚኖር ቤተሰብ በየወሩ ይግዛ ማለት ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ የአቅርቦቱና የጤና መድህኑ ጉዳይ ካልተስተካከለ የነርሷ ምክር ባዶ ቃል ይሆናል። ያለ ገንዘብ የሚስተካከልም ግን አለ። ብዙ ሰው ፓፉን ሲስብ መድኃኒቱ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። በኬፕታውን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ታችኛው ጫፉ ተበስቶ ፓፉ የሚሰካበት የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ አስም የተነሳባቸውን ሕፃናት በማከም መድኃኒቱ ሳንባ እንዲደርስ በፓፉና በአፍ መካከል ከሚገባው የፋብሪካ መሣሪያ እኩል ይሠራል። እኛ ሃይላንድ የምንለው የውሃ ጠርሙስ ማለት ነው። ‘ፓፍ ሱስ ያስይዛል’ የሚለው ፍርሃትም ጊዜ ወስዶ የሚያስረዳ ሰው እንጂ ገንዘብ አይፈልግም።

‘ጭሱ ሳይወገድ ፓፉ ምን ያደርጋል?’ የሚሉም አሉ። በኩበትና በእንጨት ጭስ የታፈነ ማድ ቤት አስምን እንደሚቀሰቅስ አልከራከርም፤ የምድጃው ሥራ ግን ዓመታት የሚወስድ ሲሆን የዛሬዋ ታካሚ ነገ ጠዋት እንጀራ ትጋግራለች። ለእሷ የሚያስፈልገው የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው። ስሟ ያለበት አንድ መዝገብ፣ በዓመት ስንት ማስታገሻ እንደወሰደች የሚቆጠርበት አንድ ዓምድ፣ ቁጥሩ ሲበዛ ‘ተመለሽና እንይሽ’ የሚላት አንድ ባለሙያ።