የፊደል ገበታችን ለምን ተበታተነ?

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ራሴ ስሕተት ነው። ስሕተቱ የኔ ቢሆንም ትምህርቱ ለሁላችንም ይጠቅማልና በትዕግሥት አንብቡልኝ።

ባለፈው ወር ለጀማሪዎች ክፍል የፊደል ገበታ በኮምፒዩተር አዘጋጀሁ። ከላይ «ኧ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኣ፣ ኤ፣ እ፣ ኦ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ሀ ሁ ሂን፣ ለ ሉ ሊን በየመስመሩ ደረደርኩ። ፊደሎቹ ከላይ ወደ ታች ቀጥ እንዲሉ በየመካከላቸው ስፔስ ባሩን ደጋግሜ ተጫንኩ። በኔ ስክሪን ላይ እንደ ወታደር ሰልፍ ያምር ነበር። ደስ ብሎኝ ለወላጆች በኢሜይል ላክሁት።

በሳምንቱ አንዲት ተማሪ ቤት ውስጥ ፕሪንት ያደረገችውን ወረቀት ይዛ መጣች። «ሙ»ን በጣቷ እያሳየች «ሚ» ብላ አነበበችልኝ። «አይ፣ ሙ እኮ ነው» ስላት ግራ ገባት። «ቲቸር፣ ከላይ ‹ኢ› ይላል እኮ!» አለችኝ። ወረቀቱን ሳየው እውነቷን ነው። የ«መ» መስመር ወደ ቀኝ ተንሸራቶ «ሙ» ከ«ኢ» ሥር ገብቷል። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ በትጋት ያጠናችው የተሳሳተ ወረቀት ነበር።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከወላጆቻችን መካከል እዚሁ አሜሪካ ተወልደው ያደጉና አማርኛ ማንበብ ያልተማሩ አሉ። በእንዲህ ያለ ቤት አስተማሪው ወረቀቱ ብቻ ነው። ወረቀቱ ከተሳሳተ የሚያርመው የለም።

ምን ሆኖ ነው የተበታተነው?

ልጆች፣ ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1999 ለኛ ፊደል የራሱን ቁጥሮች ሰጠው። «ሀ» 4608 ነው፣ «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610። «ለ» 4616 ሲሆን «መ» ደግሞ 4632 ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በስምንት በስምንት እየተቆጠረ ሲሄድ አያችሁ? ሰባቱ ለሰባቱ ድምፆች፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላሉት ነው።

ከዚያ በፊት ችግሩ የባሰ ነበር። እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የኛን ፊደሎች በእንግሊዝኛ ፊደሎች ቁጥር ላይ በራሱ መንገድ ያስቀምጣቸው ነበር። ያ ሶፍትዌር የሌለው ሰው ፋይሉን ሲከፍት የሚያየው የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ወላጆች ይህንን ሳታስታውሱት አትቀሩም።

ዛሬ ቁጥሩ በየትም አገር አንድ ነው። የፊደሉ መልክ ግን አንድ አይደለም። መልኩን የሚሰጠው ፎንት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ «ንያላ» የሚባል ፎንት ይዞ መጣ። የማክ ኮምፒዩተር «ከፋ» የሚባል አለው። የአንድሮይድ ስልክ ደግሞ «ኖቶ» የሚባለውን ይጠቀማል። አንዱ ፎንት ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ይላል። ባዶው ቦታ፣ ማለት ስፔሱ፣ እንኳን ስፋቱ ይለያያል።

እንግዲህ ገበታዬን በስፔስ ስደረድር ልኬቱ ለኔ ፎንት ብቻ የሚሠራ ነበር። ፋይሉ ሌላ ቤት ሲገባ ኮምፒዩተሩ በራሱ ፎንት ተካው፤ ሰልፉም ፈረሰ። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በኛ ሥራ አንድ ቁጥር ከዓምዱ ሸርተት ካለ ገቢው ወጪ ሆኖ ይነበባል። ይህን እያወቅሁ ገበታ በስፔስ መደርደሬ ያሳፍራል!

ቁም ጸሐፊዎች እንዴት ያደርጉ ነበር?

በአገራችን የብራና መጽሐፍ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ዝም ብሎ መጻፍ አይጀምርም። መጀመሪያ የብራናውን ዳር ዳር በወስፌ ይበሳል። ከዚያ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለ ቀለም መስመር ያሰምራል። ዓምዱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ከወሰነ በኋላ ነው ብዕሩን የሚያነሣው። አርእስቱን በቀይ ቀለም ስለሚጽፈው አንባቢው «ይህ አርእስት ነው» ብሎ ወዲያው ይለያል።

ቁም ጸሐፊው ሁለት ነገር ለይቷል ማለት ነው፤ ቦታውን ለብቻ፣ ቃሉን ለብቻ። እኛም በኮምፒዩተር ማድረግ ያለብን ይህንኑ ነው። «ይህ አርእስት ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ሠንጠረዥ ነው» ብለን ለኮምፒዩተሩ እንንገረው። በዓይናችን እየለካን በባዶ ቦታ አንግፋው።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ

1. ፊደል፣ ቁጥር ወይም ስም ዝርዝር ትይዩ መሆን ካለበት ሠንጠረዥ እንሥራ። በሠንጠረዥ ውስጥ «ሙ» የራሷ ክፍል አላት። ፎንቱ ቢሰፋም ቢጠብም ከክፍሏ አትወጣም።

2. አርእስትን ዝም ብለን ከማወፈርና ከማተለቅ ፕሮግራሙ ላይ ያለውን «ሄዲንግ» የሚለውን እንምረጥለት። ያን ጊዜ በወረቀትም በስልክም አርእስትነቱ አይጠፋም።

3. አዲስ ገጽ ለመጀመር ኢንተርን ሃያ ጊዜ አንጫን። «ፔጅ ብሬክ» የሚለውን አንዴ እንጠቀም። አለዚያ ሌላ ሰው ቤት ሲከፈት አርእስቱ ገጹ መሐል ላይ ወይም እግርጌ ላይ ይገኛል።

4. ከአራት ነጥብ በፊት ባዶ ቦታ አንተው። «መጣ ።» ብለን ከጻፍን መስመሩ ሲሞላ አራት ነጥቧ ብቻዋን ወደ ሚቀጥለው መስመር ትወርዳለች። ሁለት ነጥብን ሁለቴ እየጻፍንም አራት ነጥብ አናስመስል። አራት ነጥብ 4962 የሚል የራሱ ቁጥር አለው።

ወረቀትና ስልክ

ለአያት ደብዳቤ ወይም ሥዕል አዲስ አበባ ስትልኩ ሌላም ነገር አለ። እዚህ አሜሪካ የምንጠቀምበት ሌተር የሚባለው ወረቀት 216 በ279 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በኢትዮጵያና በአውሮፓ የተለመደው ኤ4 ግን 210 በ297 ነው። የኛው በ6 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ በ18 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ስለዚህ ጽሑፉን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ካደረስነው አንዱ አገር ላይ ሊቆረጥ ይችላል። በአራቱም ጎን ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ኅዳግ እንተውለት። ፕሪንት የሚያደርገውም ሰው «ከገጹ ጋር አስተካክል» የሚለውን ምርጫ ይጠቀም።

መልኩ ሳይለወጥ እንዲደርስ ከፈለግን ፒዲኤፍ አድርገን እንላከው። ፒዲኤፍን አዶቤ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ሲሆን በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። አብዛኛውን ጊዜ ፎንቱን በሆዱ ይዞ ስለሚሄድ ተቀባዩ ያ ፎንት ባይኖረውም እኛ ያየነውን ያያል።

ለስልክ ግን ሁልጊዜ አይመችም። ትልቁ ገጽ ትንሿ ስክሪን ውስጥ ሲገባ ፊደሉ እንደ ጤፍ ያንሳል። አያታችሁ መነጽር አድርገው ወዲያ ወዲህ እየገፉ ከሚቸገሩ ረጅሙን ደብዳቤ እዚያው ኢሜይሉ ውስጥ ጻፉላቸው። ጽሑፉ ከስልኩ ስፋት ጋር ራሱን ያስተካክላል። መስመሩ ሌላ ቦታ ቢሰበር ምንም አይደለም። ሰው ጋቢ ቢለብስ ካፖርት ቢለብስ ያው ሰው ነው አይደል? የፊደል ገበታ ግን እንዲህ አይደለም፤ «ሙ» ከቦታዋ ከወጣች ትርጉሙ ይበላሻል። እንግዲህ ፋይል ከመላካችን በፊት የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ ምኑ ቢለወጥ ችግር የለውም? ምኑስ ከተለወጠ ያሳስታል?

ገበታውን በሠንጠረዥ አድርጌ እንደገና ሠርቼዋለሁ። የቀድሞው ወረቀት ቤታችሁ ያለ ወላጆች እባካችሁ ጣሉትና አዲሱን ከክፍል ውሰዱ። ልጆቹን ስላሳሳትኳቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የቤት ሥራ

ልጆች፣ ከእናት ወይም ከአባት ጋር ሆናችሁ የ«ሀ»፣ የ«ለ» እና የ«መ»ን ቤተሰቦች በሠንጠረዥ ጻፉ። ከዚያ ፎንቱን ሦስት ጊዜ ለውጡት። በስልክም ክፈቱት፣ በወረቀትም አውጡት። «ሙ» ሁልጊዜ ከ«ኡ» ሥር መሆኗን በጣታችሁ እየተከተላችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ወረቀቱን በሚቀጥለው ሳምንት ይዛችሁ ኑ። ከቦታው የወጣ ፊደል በኔ ገበታ ላይ ካገኛችሁም ሳታፍሩ ንገሩኝ።

መልካም ሰንበት!