የስኳር በሽታ ድኻና ባለጸጋ አይለይም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው በሠሩት ዋሻ ገብቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ ብርዳም ደጋ ገብስ አርሶ፣ በግ አርብቶ ለሚኖር ገበሬ «የስኳር በሽታ ይዞሃል» ቢሉት፣ «ስኳርን መች ጠግቤ አየሁትና ነው የሚያመኝ?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። እኛም ተማርን የምንለው ይህን ሕመም የምናስበው በወንበር ላይ ውሎ ቦርጩ ከገፋ ሰው ጋር ነው።

ከውፍረትና ከመቀመጥ ጋር የሚመጣው ዓይነት በከተማ መበርታቱ እውነት ነው። ነገር ግን የምንበላው እህል፣ ገብሱም ጤፉም፣ በሆድ ውስጥ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ይህን ስኳር ከደም ወደ ሰውነት ክፍሎች የሚያስገባው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ በሽተኛውንም ውሃ ይጠማዋል፣ ሽንት ያመላልሰዋል፣ እየበላም ይከሳል።

በጎንደር ያሉ ሐኪሞች የገጠር ሕመምተኞችን ሲከታተሉ፣ ብዙዎቹ ቀጫጭን፣ ድኾችና ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው መሆናቸውን ተገንዝበዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2017 ዓ.ም. ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘውን ሕመም «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀብሎታል። ይኸው ፌዴሬሽን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 በዓለም 589 ሚሊዮን ዐዋቂዎች ሕመሙ እንዳለባቸው ገምቷል፤ ከመቶው 81ዱ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ስለዚህ «የሀብታም በሽታ» የሚለው ስም ጉዳት ያመጣል። ገበሬው ሲከሳ ቡዳ በላው ወይም የሳምባ ነቀርሳ ነው ሲባል ጊዜው ያልፋል፤ ኢንሱሊን ፈጽሞ ያጣ ሰው ደግሞ በአጭር ጊዜ ራሱን ስቶ ይሞታል። መድኃኒቱ በካናዳ ለመጀመሪያው በሽተኛ ከተሰጠ ከጥር 1914 ዓ.ም. ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል። ለደጋው ሰው የቀረው ችግር መንገዱ፣ ዋጋውና ማስቀመጫው ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ሙቀት እንደሚጎዳው ሁሉ ውርጭ ካገኘውና ከረጋም ይበላሻል።

ውድ አንባቢያን፣ ነገ በየወረዳው ለሥራ የምትሰማሩ ወጣቶች ሆይ! ጥማትና ክሳት የጸናበትን ሰው ስታገኙ ልብሱን አይታችሁ አትፍረዱ፤ ደሙን ወይም ሽንቱን እንዲያስመረምር ምከሩት። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ይህን በሽታ ግን የደበቀው በሽተኛው ብቻ አይደለም፤ የተሳሳተ ስም የሰጠነው እኛም ነን።