አሮጌውን ቀሚስ አስመስሎ ማሰፋትና የጨርቅ ነጋዴው ድርሻ

በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በገበያ ቀን በልብስ ሰፊዎች ደጃፍ ከሚቆሙት ደንበኞች መካከል ሁለት ነገር ይዘው የሚመጡ አይታጡም። አንደኛው ከሱቅ አዲስ የተገዛ ጨርቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ባለቤቷ የወደደችው፣ በሰውነቷ ላይ ልክ ሆኖ የተገኘ፣ ነገር ግን ከመታጠብ ብዛት ሊያልቅ የተቃረበ ቀሚስ ነው። ጥያቄውም አጭር ነው፤ ይህንኑ የመሰለ ሌላ ቀሚስ ይሰፋላት ዘንድ ነው።

ይህ ልማድ ለልብስ ሰፊው እንጀራ፣ ለጨርቅ ነጋዴውም ገበያ ነው። በውጭ አገር ኤቤኔዘር በተሪክ የተባለ አሜሪካዊ ልብስ ሰፊ እ.ኤ.አ. በ1863 በልዩ ልዩ መጠን የተዘጋጀ የወረቀት ቅድ ለሽያጭ ካቀረበ ወዲህ፣ ብዙ ሰው በታተመ ቅድ መስፋትን ለምዷል። በአገራችን የገጠር ከተሞች ግን የታተመ ቅድ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ቅዱ ራሱ አሮጌው ልብስ ነው።

ሆኖም ሥራው ሁልጊዜ አይቀናም። በርበሬዋን ወይም በቆሎዋን ሸጣ አምስት ሜትር ጨርቅ የገዛች ሴት፣ አዲሱ ቀሚስ ብብቷን የሚይዛት ወይም በመጀመሪያው አጠባ የሚያጥርባት ከሆነ ገንዘቧም ጨርቋም አብረው ጠፉ ማለት ነው፤ የተቆረጠ ጨርቅ ወደ ሱቅ አይመለስምና። ወቀሳውም በአብዛኛው በልብስ ሰፊው ላይ ይወድቃል። ነገሩ በጥንቃቄ ሲመረመር ግን ከጥፋቱ ብዙው መቀስ ጨርቁን ከመንካቱ አስቀድሞ፣ በሱቁ መደርደሪያ ፊት የሚደርስ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ባለሱቁና ዕቃውን የሚያስመጣለት ነጋዴ በዚህ ሥራ ውስጥ ያላቸውን ድርሻ ማወቃቸው ተገቢ ነው።

የጨርቁ ዓይነት

አሮጌ ቀሚስ ለልብስ ሰፊው ቅርጽን ያስተምረዋል እንጂ የአዲሱን ጨርቅ ጠባይ አያስተምረውም። አንድ ዓይነት ቅድ በሁለት ልዩ ልዩ ጨርቅ ሲሰፋ ሁለት ልዩ ልዩ ቀሚስ ይሆናል። ለስላሳ ከሆነ የጥጥ ጨርቅ የተሰፋ ሽንሽን ቀሚስ ወደ ታች ሲወርድ፣ ያው ሽንሽን ደረቅ ከሆነ ፖሊስተር ቢሠራ ወገብ ላይ ተነፍቶ ይቆማል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሚለጠጥን ጨርቅ በማይለጠጥ ጨርቅ መተካት ነው። የሚለጠጥ ቀሚስ ሰውነትን ጠብቆ የሚይዘው፣ በአንገትም በኩል ያለ ዚፕና ያለ ቁልፍ የሚገባው ጨርቁ ራሱ ስለሚሰጥ ነው። ይህ ቀሚስ በልኩ ተወስዶ ከካኪ ወይም ከፖፕሊን ቢሰፋ፣ ልብስ ሰፊው አንዲት ሣንቲ ሜትር ሳይሳሳት እንኳ ልብሱ በራስ አይገባም። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ባለሱቁ በቀላሉ ሊከላከለው ይችላል። ደንበኛዋ አሮጌውን ቀሚስ ይዛ ከመጣች ጨርቁን በሁለት እጅ ስቦ ማየት በቂ ነው።

ጥጥን ከፖሊስተር ለመለየትም ብዙ ድካም አያስፈልግም። ከጨርቁ ዳር ጥቂት ክር መዝዞ በጥንቃቄ ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ይተዋል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ፣ ሲበርድ ጠጣር ፍሬ ይሆናል። ሁለቱ የተደባለቁበት ጨርቅ ደግሞ የሁለቱንም ምልክት ያሳያል። ይህን ለይቶ የሚነግር ባለሱቅ ደንበኛውን ከሌላም ጉዳት ያድናል፤ ለጥጥ የጋለ የከሰል ካውያ ፖሊስተሩን ሊያቀልጠው ይችላልና።

ወርድና ርዝመት

ሁለተኛው ጉዳይ የጨርቁ ወርድ ነው። ወደ ገበያ የሚቀርበው ጨርቅ ወርዱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ 90፣ 115 እና 150 ሣንቲ ሜትር የሆነው በብዛት ይገኛል። ደንበኛዋ ያለፈው ቀሚስ ሦስት ሜትር እንደ ወሰደ ብቻ ታስታውስ ይሆናል። ያ ጨርቅ ወርዱ 150 ሣንቲ ሜትር ከነበረ፣ የወሰደው ስፋት 4.5 ካሬ ሜትር ነው። አሁን የምትገዛው ወርዱ 90 ሣንቲ ሜትር የሆነውን ቢሆን፣ ያንኑ ስፋት ለማግኘት አምስት ሜትር ያስፈልጋታል። ሦስት ሜትር ብቻ ከገዛች የምታገኘው 2.7 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ጊዜ ልብስ ሰፊው ወይ የቀሚሱን ስፋት ይቀንሳል፣ ወይ እጅጌውን ያሳጥራል፣ ወይም በማይታይ ቦታ ይቀጥላል። የተሰፋውም ልብስ ከመጀመሪያው ጋር ሳይመሳሰል ይቀራል።

ይህ ስሌት መነሻ ብቻ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ሰፊ የሆነ የቀሚስ ክፍል በጠባብ ጨርቅ ላይ ሳይቀጠል ላይወጣ ይችላል። አበባው ወይም ጌጡ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያይ ጨርቅም ክፍሎቹ ተገላብጠው እንዲቆረጡበት ስለማይፈቅድ ተጨማሪ ርዝመት ይጠይቃል። ስለዚህ አስመጪው በጥቅሉ ላይ፣ ባለሱቁም በመደርደሪያው ላይ የጨርቁን ወርድ በግልጽ ጽፎ ቢያኖር፣ ገዢውም ሻጩም ከጠብ ይድናሉ።

ጨርቁ ሲለካም በመሳብ ሊረዝም እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። ተስቦ የተለካ ጨርቅ በቤት ሲዘረጋ ወደ ልኩ ስለሚመለስ፣ የጎደለው ጥቂት ቢሆንም የባለሱቁ ስም ከዚያ በላይ ይጎድላል።

በአጠባ መግባት

የጥጥ ጨርቅ አስቀድሞ ካልታከመ በመጀመሪያው አጠባ ከመቶ 3፣ ከመቶ 5፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይገባል። ርዝመቱ 120 ሣንቲ ሜትር የሆነ ቀሚስ ከመቶ 4 ቢገባ፣ 5 ሣንቲ ሜትር ያህል ያጥራል ማለት ነው። አሮጌው ቀሚስ ግን ብዙ ጊዜ ታጥቦ መግባቱን ጨርሷል። ስለ ሆነም ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ በታጠበ አሮጌ ልብስ ልክ ሲቆረጥ፣ ሁለቱ በዚያ ቀን እኩል ሆነው ከወር በኋላ ይለያያሉ።

መፍትሔው ጨርቁን ከመቆረጡ በፊት ማጠብ፣ በጥላ ማድረቅና መተኮስ ነው። ይህ አንድ ቀን ሊያዘገይ ይችላል፤ ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የቆየው ቀን ከጠፋው ጨርቅ ይሻላል። ባለሱቁ ይህን ለደንበኛው ሲነግር ለመግቢያው የሚሆን ጭማሪም አብሮ ቢያሳስብ መልካም ነው፤ ለአምስት ሜትር ከመቶ 4 ማለት 20 ሣንቲ ሜትር ነው።

ድርና ማግ

ጨርቅ በርዝመቱ የሚሄደው ድር፣ በወርዱ የሚያቋርጠው ማግ ነው። ድሩ በአብዛኛው ከማጉ ይልቅ ጠንካራና የማይለጠጥ ስለሆነ፣ የቀሚሱ አካል ድሩን ተከትሎ ይቆረጣል። ልብስ ሰፊው ጨርቅ ለመቆጠብ ሲል አቅጣጫውን ካጣመመ፣ ቀሚሱ ሲለበስ ወደ አንድ ጎን ይዞራል። ሆን ተብሎ በሰያፍ የሚቆረጥ ልብስም አለ። ማድሌን ቪዮኔ የተባለችው ፈረንሳዊት የልብስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በፓሪስ በዚሁ ጥበብ ስሟ ገንኖ ነበር። በሰያፍ የተቆረጠ ልብስ ግን በራሱ ክብደት ስለሚረዝም፣ አሮጌውን ዘርግቶ ልኩን መውሰድ ያሳስታል።

የልብስ ሰፊው ተግባር

ጥንቁቅ ልብስ ሰፊ አሮጌውን ቀሚስ ሳይተረትር ልኩን ሊወስድ ይችላል። ልብሱን ተኩሶ፣ ገልብጦ፣ በወፍራም ወረቀት ላይ ዘርግቶ እያንዳንዱን ክፍል በስፌቱ መስመር ይነድፋል። ከዚያም ለስፌቱ በየዳሩ 1.5 ሣንቲ ሜትር ያህል፣ ለታችኛው ጠርዝም ሊታጠፍ የሚበቃውን ይጨምራል። አሮጌ ልብስ በክርኑና በመቀመጫው በኩል የሰፋ፣ በሌላው በኩል የገባ ሊሆን ስለሚችል ግን ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻና ርዝመት ከባለቤቷ ሰውነት ላይ እንደ ገና ተለክተው ከወረቀቱ ጋር መነጻጸር አለባቸው። ጨርቁ ውድ ከሆነም አስቀድሞ በአቡጀዲ ሰፍቶ ማስለካት ከብዙ ጸጸት ያድናል።

ለዚህም ሥራ ባለሱቁ ከጨርቁ ሌላ የሚያቀርበው ዕቃ አለ። ለስስ ጨርቅ 70፣ ለመካከለኛው 80፣ ለካኪና ለመሳሰለው ወፍራም ጨርቅ 90 ወይም 100 ቁጥር የመኪና መርፌ ያስፈልጋል፤ ለሚለጠጥ ጨርቅ ደግሞ ጫፉ ክብ የሆነው መርፌ ይመረጣል። በወፍራም መርፌ የተሰፋ ስስ ጨርቅ በስፌቱ መስመር ይበሳሳል። ክርና ገበርም ከጨርቁ ጋር የሚስማሙ ሆነው መመረጥ አለባቸው፤ ገበሩ በአጠባ ከገባ የላይኛው ጨርቅ መጨማደዱ አይቀርምና።

ስለ ስምምነትና ስለ ሕግ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2610 ጀምሮ፣ አንድ ሰው በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት በዋጋ ስለሚገባው ውል ደንግጓል። የልብስ ሰፊውና የደንበኛው ስምምነትም ከዚህ ወገን የሚቆጠር ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ውጤት ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ይኸውም ቀሚሱ እንዳለ ይመሰል ወይስ ይሻሻል፣ ይርዘም ወይስ ይጠር፣ የተረፈው ጨርቅ ይመለስ ወይስ ይቅር፣ መቼ ይደርሳል የሚለው ነው። ይህን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ አስፍሮ፣ ከጨርቁም ትንሽ ቁራጭ አያይዞ መስጠት ዋጋ የማያስወጣ ዋስትና ነው።

አንዲት ሴት የራሷን ቀሚስ ለራሷ አስመስላ ማሰፋቷና አንድ ነጋዴ የሌላውን ንድፍ በብዛት አሰፍቶ መሸጡ ግን አንድ አይደሉም። ከላይ የተነሣችው ቪዮኔ ሥራዋን የሚገለብጡ ነጋዴዎች ስለ በዙባት፣ በየልብሱ መለያ ላይ የአውራ ጣቷን አሻራ እስከ ማኖር ደርሳ ነበር። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 ለተመዘገበ ንድፍ የአምስት ዓመት ጥበቃ ሰጥቶ፣ ይኸው ጊዜ ሁለት ጊዜ በየአምስት ዓመቱ እንዲራዘም ፈቅዷል። ስለዚህ የመጣለትን ናሙና በብዛት ለማሠራት ወይም ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ፣ ንድፉ የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ይገባዋል።

ወቅትን ስለ መጠበቅ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር የጨርቅ ገበያ እህሉንና በርበሬውን ይከተላል። ምርቱ ተሰብስቦ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ ጥምቀትና የጥር ሠርግ ይደርሳል። ልብስ ሰፊው በዚያ ጊዜ ሥራ ስለሚበዛበት፣ ለማጠብና ለማስለካት የሚተርፈው ቀን ያጥራል። ጨርቁ በኅዳር ከመደርደሪያ ላይ ከተገኘ ደንበኛዋ ለማጠብ፣ ልብስ ሰፊውም ለመለካት ጊዜ ያገኛሉ። በጥር አጋማሽ የደረሰ ጨርቅ ግን ወይ በጥድፊያ ይበላሻል፣ ወይ እስከ ፋሲካ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የባሕር ጉዞና የመንገድ መዘግየት ያለበት አስመጪ ትእዛዙን በዚህ ልክ ወደ ኋላ ቆጥሮ ማስተላለፍ ይኖርበታል።

ወርዱ የተጻፈበት፣ ዓይነቱ የተነገረበት፣ መግባቱ ያልተደበቀበት ጨርቅ የሚሸጥ ባለሱቅ ከልብስ ሰፊው ጋር አንድ ሥራ እንደሚሠራ ሊቆጠር ይገባል። ደንበኛዋ አዲሱን ቀሚስ ለብሳ እንደ አሮጌው ከተመቻት፣ እርሱም ሲያልቅ ያንኑ ጨርቅ ፍለጋ ወደዚያው ሱቅ ትመለሳለች።