ኩላሊት ሲታመም ልብና አንጎል ለምን ይጎዳሉ?

"ዶክተር፣ እኔን ያመመኝ ልቤ ነው፤ የኩላሊት ምርመራ ምን ያደርግልኛል?"

ይህን ጥያቄ ከመሸንቲና ከአካባቢዋ የሚመጡ ታካሚዎች ደጋግመው ይጠይቁኛል። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም (ከ3 ወር በላይ የቆየ ማለት ነው) ካለባቸው ሰዎች መካከል እጥበት (ዲያሊሲስ) ደረጃ ከሚደርሱት ይልቅ ከዚያ በፊት የሚሞቱት ይበዛሉ። ዋናው ምክንያት ደግሞ የልብና የደም ሥር በሽታ ነው።

ግንኙነታቸው ምንድን ነው?

1. ደም ግፊት፦ ኩላሊት ትርፍ ጨውና ውሃ ማስወጣት ሲያቅተው ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ ደግሞ ተመልሶ የኩላሊትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። ለስትሮክ ትልቁ አጋላጭም ይኸው ግፊት ነው።

2. የደም ማነስ፦ ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያደርገው ሆርሞን በዋናነት የሚመነጨው ከኩላሊት ነው። ሆርሞኑ ሲቀንስ ደም ያንሳል፤ ልብም ያለ አቅሙ ይሠራል፣ ግድግዳው ይወፍራል፣ በኋላ ይደክማል።

3. የደም ሥር መጠንከር፦ ፎስፈረስ በደም ውስጥ ሲከማች ካልሲየም በደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጋገራል።

4. ፖታሲየም፦ በጣም ከጨመረ የልብ ምትን ያዛባል፤ በድንገት ሊገድልም ይችላል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ኩላሊት መጀመሪያ ላይ አያምም። የወገብ ሕመም ሁሉ ኩላሊት አይደለም፤ ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ደግሞ ወገቡን ላያመው ይችላል። ስለዚህ ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ ምንም ባይሰማችሁም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሁለት ነገር አስመርመሩ፦ በደም ክሬቲኒን፣ በሽንት ፕሮቲን። የጤና ጣቢያችሁ ላብራቶሪ ክሬቲኒን የማይሠራ ከሆነ ባሕር ዳር ሩቅ አይደለም።

ምን እናድርግ?

• የግፊትና የስኳር መድኃኒት "ተሽሎኛል" ብላችሁ አታቋርጡ። ጸበል ስትሄዱም ይዛችሁ ሂዱ፤ አብሮ ይወሰዳል።

• ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው እንደገባባቸው አትርሱ።

• ከእርሻ ሥራ በኋላ ለወገብ እየተባለ በየቀኑ የሚዋጠው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊትን ይጎዳል፣ ግፊትም ይጨምራል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰዱ።

• ሲጋራ አቁሙ።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረ ከ2008 ዓ.ም ወዲህ ነው። ለዚያ ደግሞ ኩላሊት የሚለግስ ሰው ያስፈልጋል። እጥበትም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ከ2 እስከ 3 ቀን መመላለስ ይጠይቃል። በሬ ሸጦም የማይዘለቅ ወጪ ነው። የግፊት ክኒን ግን ከዚህ ሁሉ ይረክሳል።

አስቸኳይ! ፊት በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር በድንገት ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ "ምች ነው" ብላችሁ አትጠብቁ። ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ። ደረትን ጨምድዶ ለያዘ ሕመምም እንዲሁ።

ግፊት ያለባቸው እናትና አባት ካሏችሁ ዛሬውኑ ደውሉና "ኩላሊታችሁን ተመርምራችሁ ታውቃላችሁ?" በሏቸው። ለሌሎችም ሼር አድርጉ።

መልካም ጤንነት!