የሀዱፕ ኤን.ኤፍ.ኤስ ጌትዌይ አነሳስና የኮከብ ምልክቷ መዘዝ

የሀዱፕ ኤን.ኤፍ.ኤስ ጌትዌይ በክላስተር ላይ ያለው የኤች.ዲ.ኤፍ.ኤስ ማከማቻ በሌላ ማሽን ላይ እንደ ተራ ፎልደር ማውንት እንዲደረግ የሚያስችል ፕሮሰስ ነው። የሚሠራው በኤን.ኤፍ.ኤስ ቨርዥን 3 ነው። አነሳሱ ቅደም ተከተል አለው።

1. በማሽኑ ላይ ያሉት የሊኑክስ ኤን.ኤፍ.ኤስ ሰርቨርና አርፒሲባይንድ ይቆማሉ። ካልቆሙ ፖርት 2049 እና 111 እንደተያዙ ይቀራሉ።

2. የሀዱፕ ፖርትማፕ በሩት ይነሳል፤ ከ1024 በታች ያለን ፖርት ተራ ዩዘር አይከፍትም።

3. ዋናው ፕሮሰስ ለዚሁ በተመደበ ዩዘር ይነሳል፤ ሩት አያስፈልገውም። ማውንት የሚቀበለው ክፍል በ4242፣ ፋይል የሚያቀርበው በ2049 ያዳምጣል።

4. ፕሮክሲ ዩዘር። ብዙ ጥፋት ያለው እዚህ ነው። ጌትዌዩ በሌሎች ስም ስለሚሠራ፣ የማንን ግሩፕ መወከል እንደሚችልና ከየትኛው ማሽን እንደሚመጣ በኮር-ሳይት ፋይል ይጻፋል። ይህን የሚያነበው ኔምኖዱ ነው፤ ጌትዌዩ ላይ ብቻ ጽፎ «አልሠራም» ማለት ዋጋ የለውም። ሲቸግር ደግሞ በግሩፑም በማሽኑም ቦታ ላይ «ሁሉም» የሚል ትርጉም ያለው የኮከብ ምልክት ይደረግና ሥራው አለቀ ይባላል። ማን ማውንት ያድርግ የሚለውም ካልተነካ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንበብም መጻፍም ያስችላል።

«ኬርቤሮስ ስላለን ችግር የለም» የሚለው ወሬ ደግሞ ይቁም። ኬርቤሮስ የሚጠብቀው ከጌትዌዩ ወደ ክላስተሩ ያለውን መንገድ ነው። ከደንበኛው ማሽን ወደ ጌትዌዩ የሚመጣው የዩዘር መለያ ቁጥር ሲሆን፣ ጌትዌዩ ቁጥሩን አምኖ በራሱ ማሽን ላይ ወዳለው ስም ይለውጠዋል። በላፕቶፑ ላይ ሩት የሆነ ሰው የባልደረባውን ቁጥር የያዘ ዩዘር ፈጥሮ ፋይሉን ያነባል ማለት ነው። ፍላሽ ለመሰካት የሦስት ሰው ፊርማ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ይህን በር ከፍቶ ያድራል፤ ጌትዌዩን የተከለው ኮንትራክተርም ርክክቡን አስፈርሞ ሄዷል። በሩን የሚያጠብበው አንድ መስመር ነው፦ የተፈቀደው የአይፒ ክልል፣ ለምሳሌ 192.168.0.0/22፣ ከጎኑ ንባብ ብቻ ወይም ንባብና ጽሕፈት ተብሎ ይጻፋል።

የጊዜያዊ ማቆያው ፎልደርም አይረሳ። የደንበኛው ከርነል የሚጽፈውን ቅደም ተከተል አዛብቶ ሊልክ ይችላል፤ ኤች.ዲ.ኤፍ.ኤስ ግን ከጫፍ መቀጠልን እንጂ መሃል ገብቶ ማረምን አይቀበልም። ስለዚህ ተራውን ያልጠበቀው ዳታ እዚያ ይቆያል። እያንዳንዳቸው 100 ሜጋባይት የሆኑ 10 ፋይሎች በአንዴ የሚጫኑ ከሆነ 1 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ማውንት ሲደረግ ቨርዥን 3፣ ቲሲፒ፣ ኖሎክና ሲንክ የሚሉት ይገባሉ፤ ሲንክ የቅደም ተከተል መዛባቱን ይቀንሳል።

በመጨረሻ አርፒሲኢንፎ ሰርቪሶቹ መመዝገባቸውን፣ ሾውማውንት ማን እንደተፈቀደለት ያሳያሉ። በሾውማውንት ዝርዝር ላይ የኮከብ ምልክት ወይም «ለሁሉም» የሚል ቃል ከታየ ርክክብ አይፈረም።